ወፊቱ እስክትቆም

በሥራ ቦታ ሁሉም «ወፊቱ» ነው የሚላት። ሃያ ዓመት ግድግዳ ስትለስን ኖራለች። በአንድ እጇ የሲሚንቶ ባልዲ፣ በሌላው የልስን ማንኪያዋን ይዛ፣ ወንዶቹ እየተንጠለጠሉ የሚወጡትን የእንጨት መወጣጫ እሷ እንደ ቤቷ ደረጃ ትወጣዋለች። ከታች ሆነው «ኧረ ቀስ በይ!» ሲሏት፣ «ቀስ የምለውማ ሲሚንቶው ከጠበቀኝ ነው» ብላ ትመልሳለች።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። አጭር፣ ዝምተኛ፣ ድምፁ ከስፌት መኪናው ድምፅ የሚያንስ ሰው። ጎረቤቶቻቸው «እሷ ትናገራለች፣ እሱ ይጠቅማል» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። ልጅ አልወለዱም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረው ሲኖሩ እሷ ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፣ እሱ ሱቁን ዘግቶ ሲመጣ ይገናኛሉ፤ ደክሟቸው ይበላሉ፣ ደክሟቸው ይተኛሉ። ፍቅር አልነበረም ማለት አይደለም። ጊዜ አልነበረም እንጂ።

የወደቀችው አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የመስኮት ዙሪያ ስትለስን ነው። ከረገጠቻቸው ጣውላዎች አንዱ ጫፉ በምስማር አልተመታም ነበር። ባልዲዋን ለማንሳት ዞር ስትል ጣውላው ከሥሯ ሸሸ። መጀመሪያ የታችኛው ፎቅ አግዳሚ እንጨት በጎኗ ተቀበላት፤ ከዚያ መሬት። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ የአሸዋ ክምር ነበር።

አልጮኸችም። ሰዎቹን ይበልጥ ያስደነገጣቸው ይኸው ነው። ፎርማኑ እየሮጠ መጣና «አንሷት! ቶሎ በሉ! ፒክአፑ ላይ ከፊት አስቀምጧት!» አለ። ሁለት ሰዎች ብብቷ ሥር እጃቸውን ሲሰዱ ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ ጮኸ።

«እንዳትነኳት!»

የግቢው ዘበኛ ነበር። ይህ ሽማግሌ በር ከመክፈትና «እንደምን አደራችሁ» ከማለት ሌላ ቃል ሲናገር የሰማው የለም። ዘበኛ ከመሆኑ በፊት ግን ወታደር ቤት አሥራ አንድ ዓመት ቃሬዛ ተሸክሟል። አጠገቧ ተንበረከከ። ግራ እግሯ ወደ ውጭ ዞሯል፤ ከቀኙም ያጠረ ይመስላል።

«ልጄ፣ የቱ ጋ ነው?»

«ከወገቤ በታች ነው አባባ… ለሁለት የተከፈልኩ መሰለኝ።»

«ካስቀመጣችኋት ደሟ ውስጥ ለውስጥ ያልቃል» አለ ወደ ሰዎቹ ዞሮ። ከክፍሉ የአልጋ አንሶላውን አስመጣና እንደ ሰፊ መቀነት አጠፈው። በጉልበቷ ሥር ባለው ክፍተት አሳለፈው፤ ከዚያ እሷን ሳያነሳ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሳበና ዳሌዋ ላይ፣ ታፋዋ ከሚጀምርበት አጥንት ትክክል አደረሰው። ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን ይዘው ሲጎትቱ እሱ ቋጠረ። ጉልበቶቿንም ገጥሞ በገዛ ቀበቶው አሰረ። ያን ጊዜ ነው እሷ ጥርሷን ከነከሰችበት ለቅቃ የተነፈሰችው።

ገና ያልተገጠመ በር አምጥተው እሱ ላይ አጋደሟትና ፒክአፑ ላይ ጫኗት። ዘበኛው ቀበቶ የሌለውን ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ ሾፌሩን «ጉድጓድ ስታይ ዙር፤ መዞር ካልቻልክ ወርደህ ግፋ» አለው።

ልብስ ሰፊው ሆስፒታል ሲደርስ ሜትሩ አንገቱ ላይ ነበር። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሲያያት ፊቷ ከሲሚንቶ ብናኙ ይልቅ ገርጥቷል። በአንድ ክንዷ ደም፣ በሌላው ግሉኮስ ይወርዳል።

«ሱቁን ዘግተኸዋል?» አለችው።

መዝጋቱን ማስታወስ አቃተው።

የአጥንት ቀዶ ሐኪሟ ፈጣን፣ ነገር የማታበዛ ሴት ነበረች። ገብታ መጀመሪያ ያየችው አንሶላውን ነው። «ይህን ማን ነው ያሰረው?» ስትል፣ ያመጧት ሰዎች «የግቢው ዘበኛ» አሉ።

«እጁ ይባረክ። እኔ ሳላዝ ማንም እንዳይፈታው» አለች ለነርሶቹ። ራጁን ካየች በኋላ ባልየውን ወደ ኮሪደር አወጣችውና ጣቶቿን ገጥማ ክብ ሠራች። «ዳሌ እንዲህ እንደ ቀለበት ነው። ክብ ነገር ሲሰበር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ብቻ አይሰበርም። የባለቤትዎ ከፊት ተከፍቷል፤ ከኋላም በግራ በኩል፣ ከጀርባ አጥንት ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ለቋል። ውስጡ ብዙ ደም ሥር አለ። ቀለበቱ ሰፍቶ ሲቆይ ደሙም የሚጠራቀምበት ቦታ ያገኛል።»

«ማጥበብ ነዋ» አለ ልብስ ሰፊው፣ ሳያስበው።

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችው። «ልክ ነው። ዛሬ ከውጭ እናጠበዋለን። ደሟ ሲረጋጋ ደግሞ ከውስጥ እናስረዋለን።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ግራና ቀኝ ዳሌዋ አጥንት ውስጥ ቀጫጭን ብረቶች አስገብተው፣ ከሆዷ በላይ በሚያልፍ ሌላ ብረት አያያዟቸው። ስትነቃ እጇ መጀመሪያ ያገኘው ያንን ብረት ነበር። ዳሰሰችው፣ ነካ ነካ አደረገችው፣ ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።

በሦስተኛው ቀን ታላቅ ወንድሟ መጣ። የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ የሰማው መንገድ ላይ ሆኖ ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ያሳደጋት እሱ ነው። ብርድ ልብሱን ገልጦ ሲያይ ክው አለ።

«ይሄ ምንድን ነው? እህቴ ላይ አንቴና ተከሉባት እንዴ?»

«አዎ ወንድም ጋሼ» አለችው ከንፈሯ ደርቆ። «ቆይ፣ ጣቢያ ልፈልግልህ።»

አልሳቀም። ሐኪሟ ስለሚቀጥለው ቀዶ ጥገና ስታስረዳ ቆሞ አዳመጠ። ደም ሊፈስ ይችላል፤ ቁስሉ ሊያመረቅዝ ይችላል፤ የግራ እግሯ አውራ ጣት አሁንም ወደ ላይ አይነሳም፣ ነርቩ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል። ካልታሰረ ግን የኋላው አጥንት ተዛንፎ ይቀራል፣ እሷም ቀጥ ብላ አትሄድም። ሐኪሟ እንደወጣች ወንድምየው አማቹን በክንዱ ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወሰደው።

«ሰምተሃል? ሊሆንም ላይሆንም ይችላል ነው የምትለው። የእኔን ክንድ የጠገነው ወጌሻ አለ። በአንድ ወር ነው መሪ ያስያዘኝ። ፈርም፣ እናውጣት።»

«አይሆንም፣ ጋሼ።»

«ምን አልክ?»

ልብስ ሰፊው በዕድሜው ለማንም አይሆንም ብሎ አያውቅም። ለደንበኛ እንኳ «እንሞክራለን» ነው የሚለው። 

«አይሆንም አልኩ። አንሶላ ሲቀይሩላት አይቻለሁ። አምስት ሰው ነው ያነሳት፣ አንድ ላይ ቆጥረው። እርስዎ በመኪና ሊወስዷት ነው?»

«እህቴ እኮ ናት!»

«እህትዎ ናት፤ እርስዎ ባያሳድጓት እኔም አላገኛትም ነበር። ግን ሚስቴን ከዚህ አላስወጣም።»

ወንድምየው ግንባሩን አኮሳትሮ ሄደ።

በማግስቱ፣ ጠያቂ በሚገባበት ሰዓት ወጌሻውን ይዞ መጣ። ልብስ ሰፊው ከወንበሩ ተነስቶ በሩ ላይ ቆመ። ወጌሻው ኮፍያቸውን አወለቁ። ጣቶቻቸው እንደ ሥር የተጠማዘዙ ሽማግሌ ነበሩ።

«አትቆጣ ልጄ። እኔ ሳይፈቀድልኝ ሰው አልነካም» አሉት፤ አልጋው ላይ ወዳለችውም አይተው «ልቅረብ?» አሏት።

«ይቅረቡ አባቴ።»

ግድግዳው ላይ ወዳለው የእጅ መታጠቢያ ሄደው ረጅም ጊዜ ታጠቡ። ከዚያ ዳሌዋን ሳይሆን እግሯን ነኩ። «ይህን ጣት አንሺው እስቲ።» ጣቱ አልተነሳም።  በዚህ መሃል ሐኪሟ ገባች። ወንድምየው ለጠብ ደረቱን ነፋ።

«ፎቶውን ታሳዪኛለሽ?» አሏት ወጌሻው።

ሐኪሟ ሽማግሌውን አየቻቸው፣ የታጠበ እጃቸውን አየች። ራጁን አምጥታ የመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋችው። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ወደ ላይ አንጋጠጡ።

«ይሄ የኋላው ነው?»

«አዎ አባቴ። ለቅቆ ወደ ላይ ወጥቷል። ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል።»

«እግሯ ያጠረው ለዚህ ነዋ።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «በምንድን ነው የምታስሪው?»

«ከፊት በኩል በብረትና በብሎን። ከኋላ ደግሞ በጎኗ በኩል ረጅም ብሎን ይገባል።»

«ብሎን!» አሉ፤ ጥርስ አልባ ፈገግታ ፊታቸው ላይ ታየ። «እኔ እኮ በቀርከሃ ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት።» ከዚያ ወደ ሾፌሩ ዞሩ። «የአንተ ክንድ በጣቴ የምደርስበት አጥንት ነበር። ይሄ ግን ሥጋና ደም ሥር መሃል የተቀበረ ነው። እኔ ብጎትታት ሬሳዋን ነው የምታወጣው። የማልችለውን አልችልም ብዬ ነው እስከ ዛሬ በሰው ዘንድ ተከብሬ የኖርኩት፤ አንተም ተው።»

 ወንድምየው እጅጌውን እየጠቀለለ ሐኪሟን «ደም የሚሰጠው የት ነው?» አላት።

ቀዶ ጥገናው ለስምንተኛው ቀን ተያዘ። በዋዜማው ወፊቱ ባሏን ጠራችው።

«እሞታለሁ ብዬ አይደለም» አለችው። «ግን የካፖርቴ ገበር ከተቀደደ ሦስተኛ ክረምቱ ነው። የልብስ ሰፊ ሚስት ሆኜ እጄን እጅጌው ውስጥ ስከት በብብቴ በኩል ይወጣል። ስነቃ ተቀድዶ እንዳላየው።»

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ቀዶ ክፍል ገባች። ሁለቱ ወንዶች ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልብስ ሰፊው ከፌስታል ውስጥ ካፖርቱን አወጣና ጭኑ ላይ ዘረጋው። አሮጌውን ገበር ፈታ፣ አዲስ ግራጫ ሐር መሰል ጨርቅ ለካ፣ ቆረጠ፣ በእጁ ይጠቅም ጀመር። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሰዓት ሆነ። ነርስ ደም ይዛ ስትገባ መርፌው ቆመ፤ በሩ ሲዘጋ ቀጠለ። አንድ ጊዜ ክር ሲያልቅበት አዲሱን መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት አቃተው፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶት ነበር። ወንድምየው ያንን የመሪ ያህል እጁን ዘርግቶ መርፌውን ተቀበለው። ክሩን በምራቁ አርጥቦ፣ ምላሱን አውጥቶ ሦስት ጊዜ ከሳተ በኋላ አስገባና መለሰለት።

«ያን ቀን የተናገርኩህን…» አለ ሾፌሩ።

«እርስዎም ስለጨነቀዎት ነው፣ ጋሼ።»

«ኧረ ተው፣ አንተም ጋሼ ጋሼ አትበለኝ፤ አስረጀኸኝ።»

ሰባት ሰዓት ሲሆን ሐኪሟ ወጣች። የቆቧ ገመድ ግንባሯ ላይ መስመር ሠርቷል። «ገጥሟል» አለች። «ከፊት አንድ ብረት፣ ስድስት ብሎን። ከኋላ ሁለት ረጅም። የውጪውን ብረት አንስተነዋል። ደሟም ደህና ነው።» ልብስ ሰፊው ሊያመሰግናት ብሎ በእጁ የያዘውን ካፖርት ሰጣት። ሐኪሟም ግራ ገብቷት ተቀበለችው፣ ገበሩን አየት አድርጋ «ጥሩ ሥራ ነው» ብላ መለሰችለት።

በአራተኛው ቀን ነርሷ ቁስሉን ስትጠርግ ልብስ ሰፊው ጎንበስ ብሎ ከእምብርቷ በታች አግድም የተሰመረውን ስፌት መረመረ።

«አሰፋፉስ ደህና ነው» አለ በቁም ነገር። «የክሩ ቀለም ግን አይሄድም።»

«አታስቀኝ!» አለችው ሆዷን ይዛ። «ብሎኔ ይወልቃል!»

ከሆስፒታል ስትወጣ ግን ሳቁ አለቀ። አሥራ ሁለት ሳምንት እግሯ ላይ ክብደት እንዳይወድቅ ተብሏል። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰር የለውም። ባሏ አልጋውን ፈታትቶ አወረደና ሱቁ ውስጥ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ተከለላት።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ያቺ ከማንም እርዳታ ጠይቃ የማታውቅ ሴት ለሽንቷ ሰው ትጠራለች። እሱ ፖፖውን ከሥሯ ሲያስገባ «አትየኝ» ትለዋለች፤ እሱም ፊቱን ወደ መጋረጃው አዙሮ ይቆማል። አንድ ቀን ሲያጥባት እጁን ገፍታ «ለምን ግን አልሞትኩም?» አለችው።  ውሃው ቀዝቅዞ ነበርና ሌላ አሙቆ መጣ። ጀርባዋን አጥቦ ሲጨርስ «እኔ ምን ልሠራ ነበር?» አለ፣ ቀስ ብሎ። እጁን ያዘችና ብዙ ጊዜ ሳትለቀው ቆየች።

ቀን ቀን ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ታዳምጠዋለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ባሏን ሥራ ላይ አይታው አታውቅም ነበር። አንድ ቀን ሆዱ ከፍ ያለ ደንበኛ መጥቶ «ሱሪዬን አጥብበኸዋል፤ ባለፈው ወር እኮ ይሄ አልነበረም ልኬ!» እያለ ጮኸ። ልብስ ሰፊው ለካው።  ከዚያ «ልክ ነዎት ጌታዬ» አለው። «ሜትሩ ነው ያጠረው። ቅዝቃዜ ሲሆን እንዲህ ያደርገዋል።» ወፊቱ ትራሷን አፏ ውስጥ ከትታ ሳቀች። ይህ ሰው ይህን ሁሉ ቀልድ የት ደብቆት ኖሯል? እሱም መሳቋን ሰማ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለደንበኛ የሚናገረውን ግማሹን ለመጋረጃው ነበር የሚናገረው። እሷም ተኝታ ቁልፍ መትከል ጀመረች። በሰባተኛው ሳምንት፣ አንድ የሸሚዝ ቁልፍ ስትተክል፣ የግራ እግሯ አውራ ጣት ከብርድ ልብሱ ሥር ንቅንቅ አለች። «ና! ና! ቶሎ!» ብላ ስትጮህ መቀሱን እንደያዘ ዘሎ ገባ። ሁለቱም አንዲት ጣት ላይ አፍጥጠው ቆዩ።

አሥራ ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ ሐኪሟ አዲሱን ራጅ አይታ «አጥንቱ ይዟል። ይቁሙ» አለቻት። ሁለት አግዳሚ ብረቶች መሃል ዊልቸሯን አቆሙላት። ሦስተኛ ፎቅ ያልፈራች ሴት ከዊልቸሩ እስከ ወለሉ ያለውን፣ ክንድ የማይሞላ ርቀት ፈራች። እጇ ብረቱን ጨበጠ፣ ላብ አጠመቃት፣ ግን አልተነሳችም። የምታለማምዳት ነርስ «አይዞሽ» አለቻት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ። ባሏ ግን ዊልቸሩን አዞረው። «ዛሬ ካልሆነ ሐሙስ እንመጣለን» አለ። ሐሙስ መጡ፤ አልሆነም። ሰኞ መጡ፤ አልሆነም። በአራተኛው ጊዜ ማንም ምንም ሳይላት፣ ባሏ ከነርሷ ጋር ስለ ዝናቡ ሲያወራ፣ ብድግ ብላ ቆመች። እሱ ያየው ዘወር ሲል ነው። ከእሱ በግንባር የምትበልጥ መሆኗን ረስቶት ነበር።

መርገጥ ከጀመረች በኋላ በክራንች ቆየች፣ ከዚያ በምርኩዝ፣ ከዚያ ያለ ምንም። ፈጽሞ እንደ ድሮዋ አልሆነችም። ስትሄድ በግራ በኩል ትንሽ ትነክሳለች፤ ለረጅም ጊዜ ስትቀመጥ ያማታል። ፎርማኑ ሊጠይቃት መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ስለ ጣውላው ይቅርታ ጠየቃት። እሷም የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከአሁን በኋላ እያንዳንዱን ጣውላ አንተ ራስህ ረግጠህ እየው።» መወጣጫ ላይ መውጣት ቀረ። ያንን ተኝታ ብቻዋን አለቀሰችለት። አሁን የምትለስነው ምድር ቤት ያሉ ክፍሎችን ነው፤ ግማሽ ቀን እየሠራች ግማሹን ሱቅ ትውላለች።

ዓመት ሲሞላት ለምርመራ ሄደች። ሐኪሟ በአንድ እግሯ አቆመቻት፣ አስኬደቻት፣ ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «አንድ ነገር ላስቸግርዎት?» አለቻት። «ላይ አንዲት ልጅ አለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ መኪና ገጭቷት የእርስዎ ዓይነት ስብራት ነው ያለባት። ቀዶ ጥገናውን እምቢ ብላለች። እኔ ብዙ ነገርኳት፤ እኔ ግን አልተሰበርኩም።»

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ሆዷ ላይ ያ የሚታወቅ ብረት አለ። ወፊቱ ወንበር ስባ፣ አንዱን ጎኗን አመቻችታ ተቀመጠች። ባሏ በሩ አጠገብ ቆመ።

«እኔም ተክለውብኝ ነበር» አለች ወደ ብረቱ እያመለከተች። «ወንድሜ አንቴና ነው ያለው።»

ልጅቷ ቀስ ብላ ዞረች። ከላይ እስከ ታች አየቻት። «እትዬ፣ ያማል?»

«ያማል። አልዋሽሽም። ግን የሚያመው ቦታ በየቀኑ ይቀያየራል፤ ቢያንስ አይሰለችም።»

«ሰው… ሰው ነው የሚያጥበኝ?»

«አዎ። መጀመሪያ በሐፍረት ትሞቻለሽ። ሁለት ሳምንት ሲያልፍ ውሃው ቀዘቀዘ ብለሽ ትቆጫለሽ።»

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «በራስዎ እግር ሽንት ቤት የሄዱት መቼ ነው?» አለቻት።

«በአሥራ አምስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ጠዋት። የሠርጌን ቀን ረስቼዋለሁ፣ ያቺን ረቡዕ ግን አልረሳትም።»

«ሠርጉ ቅዳሜ ነበር» አለ ከበሩ በኩል ልብስ ሰፊው።

ልጅቷ ሳቀች፤ ወዲያው ብረቱን ይዛ ተጨማደደች፣ ተጨማድዳም ሳቀች። ከዚያ ዓይኗን እየጠረገች «ጠባሳውን ላየው እችላለሁ?» አለች። ልብስ ሰፊው ወደ ኮሪደሩ ወጣ፤ ወፊቱም መጋረጃውን ሳበች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጅቷን ወደ ቀዶ ክፍል አስገቧት። እናቷ ኮሪደሩ ላይ ስትጠብቅ ወፊቱና ልብስ ሰፊው ከጎኗ ተቀምጠው ነበር።